ኮኪት ላይ አልጋ መምረጥ፦ እንግዳው ሊያየው የማይችለው የማደሪያ ባሕርይ

አኅጽሮተ ጥናት

የማደሪያ ምርጫን የሚመለከተው ምርምር በአብዛኛው የተገነባው ለዕረፍት በሚጓዙ ሰዎች፣ በተለይም በሜድትራንያን ባሕር ደሴቶችና ዳርቻዎች በሚያርፉ እንግዶች ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንኑ የትንታኔ መሣሪያ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ ወረዳ ወደምትገኘው ኮኪት ወስዶ ይፈትነዋል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ በኮኪት ከአንድ አልጋ ባሕርያት ዋነኛው፣ ማለትም ከወባና ከካላዛር የሚሰጠው ጥበቃ፣ እንግዳው ከመተኛቱ በፊትም ሆነ ከተኛ በኋላ ሊያውቀው የሚችለው ነገር አይደለም። ስለዚህ የእንግዶች ምርጫ ብቻውን ማደሪያዎችን ሊያሻሽል አይችልም።

ቁልፍ ቃላት፦ የማደሪያ ምርጫ፣ የመረጃ አለመመጣጠን፣ ወቅታዊ ሠራተኞች፣ ካላዛር፣ መተማ

መግቢያ

በአማርኛ መንገደኛ ክፍል አይከራይም፤ አልጋ ይይዛል። አመሻሽ ላይ ከመኪና የወረደ ሰው የሚጠይቀው «አልጋ አለ?» ብሎ ነው፤ መልሱም «አለ» ወይም «ሞልቷል» ነው። ሆቴል የሚለው ቃል ደግሞ በትንንሾቹ ከተሞች በመጀመሪያ የሚያመለክተው ምግብና መጠጥ የሚቀርብበትን ቤት ነው፤ አልጋው ከጓሮ ያለ ተጨማሪ ነገር ነው። ይህ የአነጋገር ልማድ ለተመራማሪ ቀላል የሚባል መረጃ አይደለም። እንግዳው ገንዘቡን የሚከፍለው ስለ መስኮቱ፣ ስለ ግቢው ዛፍና ስለ ጣሪያው ሳይሆን ስለ አንድ የመኝታ ቦታ እንደሆነ የሚያስብ መሆኑን ያሳያል። በቆላው ግን የእንግዳውን ጤና የሚወስኑት እነዚሁ ያልተጠየቀባቸው ነገሮች ናቸው።

ኮኪት ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንደ ውሃ አልፎ እስከ መተማ ዮሐንስ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ በገንደ ውሃና በመተማ ዮሐንስ መካከል ትገኛለች። መንገዱ በመተማ ዮሐንስ በኩል ከሱዳኗ ገላባት ጋር ይገናኛል። አካባቢው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚመረትበት ሜዳማ ቆላ ነው። ለንግድ፣ ለጭነትና ለእርሻ ሥራ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ለዕረፍት የሚመጣ ግን የለም ማለት ይቻላል። የማደሪያ ምርጫ ጥናት ኮኪትን የመሰለ ስፍራ ሳያይ የኖረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስላል፤ ምርጫ የተጠናው ደስታ በሚፈለግበት ስፍራ ነውና።

ንድፈ ሐሳቡ ከየት መጣ

ኬልቪን ላንካስተር እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው አስተሳሰብ ሸማች የሚፈልገው ዕቃውን ራሱን ሳይሆን ዕቃው የያዛቸውን ባሕርያት ነው። ሸርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን አስፍቶ የአንድ ዕቃ ዋጋ ለየባሕርያቱ ሊከፋፈል እንደሚችል አሳየ። ለሆቴል ጥናት ከዚህ የተመቸ መሣሪያ አልነበረም። በማዮርካ፣ በቀርጤስ ወይም በቆጵሮስ ያለ ሆቴል ከባሕሩ ያለው ርቀት፣ የኮከቡ ብዛት፣ መዋኛ ገንዳው፣ ዋጋው ቁርስን ብቻ ወይስ ሦስቱንም ማዕድ የሚያካትት መሆኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ለእያንዳንዱም እንግዳው ስንት ሊከፍል ፈቃደኛ እንደሆነ ይሰላል። ይህ ስሌት የሚቆመው ግን ባሕርያቱ ለገዢው ይታወቃሉ በሚል ቅድመ ሐሳብ ላይ ነው።

ሦስት ሥራዎች በዚህ ቅድመ ሐሳብ ላይ ጥያቄ አንሥተዋል። ፊሊፕ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ከመግዛት በፊት በፍተሻ የሚታወቁ ባሕርያትን በመጠቀም ብቻ ከሚታወቁት ለየ። በዚያው ዓመት ጆርጅ አከርሎፍ በአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌነት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩው ዕቃ በመጥፎው እየተገፋ ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ሦስተኛ መደብ ጨመሩ፦ ከተጠቀሙበትም በኋላ የማይታወቅ፣ በእምነት ብቻ የሚወሰድ ባሕርይ። የእነርሱ ምሳሌ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ታካሚው ከዳነ በኋላም ቀዶ ሕክምናው በእርግጥ ያስፈልገው እንደነበር ራሱ ሊያረጋግጥ አይችልም።

የዕረፍት ሆቴል በአብዛኛው ሁለተኛው መደብ ውስጥ ይወድቃል። አልጋው ቢጎረብጥ፣ ጎረቤቱ ቢጮህ፣ ቁርሱ ቢቀዘቅዝ እንግዳው ሲነጋ ያውቀዋል፤ ያወቀውንም ለሌላው ይነግራል፤ ባለ ሆቴሉም ይህን ስለሚፈራ ያስተካክላል። ስም ገበያን የሚገራው በዚህ መንገድ ነው። የኮኪት አልጋ ከዚህ የሚለየው ምኑ ላይ እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ እነማን እንደሚተኙበት ማየት ያስፈልጋል።

እነማን ያድራሉ

የአይሱዙና የከባድ መኪና ሾፌሮች ምርጫ በአብዛኛው ተወስኖ የሚገኘው ከመድረሳቸው በፊት ነው። ጀምበር የጠለቀችበት ከተማ ማደሪያቸው ይሆናል፤ በዚያች ከተማ ውስጥም መኪናው ሊገባ የሚችልበትና ዘበኛ ያለው ግቢ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ጭነቱ ደኅና ካደረ ሾፌሩ እንቅልፍ ባያገኝም ሌሊቱ መልካም ነበር። ብዙ ጊዜም ረዳቱ ከመኪናው ላይ ይተኛል፤ እርሱ አልጋ አልያዘምና በማናቸውም የሆቴል ቆጠራ ውስጥ አይገኝም።

ነጋዴው በደንበኝነት ይመርጣል። የሚያርፈው ዐምናም ባረፈበት ቤት ነው፤ ባለቤቷን በስም ያውቃታል፤ ገንዘብ አደራ ይሰጣታል፤ ሰሊጥ ስንት እንደዋለ የሚሰማውም ከእርሷ ዘንድ ነው። ለእርሱ ማደሪያ የመረጃ ገበያም ጭምር ነው። የክፍሉ ሙቀትና የአጎበሩ ቀዳዳ ከዚህ ጥቅም ጋር ሲነጻጸሩ ይቀልላሉ።

ሦስተኛው ወገን፣ በቁጥርም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ወቅታዊ ሠራተኛው ነው። መሬት በሚዘጋጅበትና በሚዘራበት በሰኔና በሐምሌ፣ በአረም ጊዜ፣ ከዚያም ሰሊጥ በሚታጨድበት በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው ይወርዳል። የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው የያዘው ከረጢት ከደረቀ በኋላ ተከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ስለሚያፈስ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታጭዶ መከመር አለበት። ስለዚህ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው ይፈለጋል፤ ከተሞቹም በአንድ ጊዜ ይሞላሉ። ቅጥር እስኪያገኝ ድረስ በከተማ የሚቆየው ሠራተኛ ወይ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ክፍል ወለል ላይ፣ ወይ በበረንዳ ላይ ያድራል። ከተቀጠረ በኋላ የሚተኛው በእርሻው ካምፕ ወይም በሜዳ ላይ ነው። «ምርጫ» የሚለው ቃል ለእርሱ ሁኔታ ምን ያህል እንደሚስማማ ያጠራጥራል፤ ቢሆንም አንድ ውሳኔ አለው፤ ይኸውም ከጣሪያ በታች ልደር ወይስ በደጅ የሚለው ነው።

ከውስጥ ወይስ ከደጅ

ይህ ውሳኔ ከሾፌሩም ከነጋዴውም ፊት ይቆማል። የአብዛኛው ማደሪያ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ወደ ክፍሉ ያወርዳል። በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚነካበት በዚህ አካባቢ፣ ማራገቢያ በሌለበት ወይም መብራት በጠፋበት ሌሊት ክፍል ውስጥ መቆየት ከባድ ነው። እንግዳው አልጋውን ወይም ፍራሹን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ያነጥፋል፤ ብልህ ባለ ማደሪያም ሳይጠየቅ ያወጣለታል። ይህ እንደ መልካም መስተንግዶ ይቆጠራል፤ ከምቾት አንጻርም ትክክል ነው።

ችግሩ ሁለቱ ምርጫዎች ለሁለት የተለያዩ ነፍሳት የሚያጋልጡ መሆናቸው ነው። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ናት፤ ከማታ ጀምራ ሌሊቱን ትናደፋለች፤ ቤት ውስጥም ትገባለች። ብዛቷ የሚጨምረው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ ግን በአመዛኙ ከቤት ውጭ የምትናደፍ ናት። መኖሪያዋ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርና የግራርና የበደኖ ዛፍ ያለበት ምድር ነው፤ የምትበዛውም በደረቁ ወራት፣ ከመጋቢት እስከ ዝናቡ መግቢያ ድረስ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሙቀቱ እንግዳውን ወደ ደጅ የሚገፋበት ወቅትና የአሸዋ ዝንብ በደጅ የምትበዛበት ወቅት አንድ ናቸው። በቀን ጥላ የሚሰጠው የግቢው ግራር፣ ለሾፌሩ የመኪና ማቆሚያ፣ ለነጋዴው የቡና መጠጫ፣ ማታ ደግሞ ፍራሽ የሚነጠፍበት ስፍራ ነው።

የአሸዋ ዝንብ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ መድኃኒት ባልተነከረ ተራ አጎበር ቀዳዳ ማለፍ ትችላለች። ድምፅም የላትም፤ ትንኝ ጆሮ ስር ስለምትጮህ የተኛውን ታስጠነቅቃለች፤ የአሸዋ ዝንብ ግን ይህን ውለታ አትውልም። በደጅ ነፋስ እየተቀበለ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ ስለ ሌሊቱ የሚናገረው በጎ ነገር ብቻ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣ ማስረጃ

እዚህ ላይ የዳርቢና የካርኒ ሦስተኛ መደብ ይጠቅማል። በፋልሲፓረም ወባ የተነደፈ ሰው ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ9 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ሾፌሩ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል፤ በመካከሉም በስድስትና በሰባት ከተሞች አድሯል። የትኛው አልጋ እንዳሳመመው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የካላዛር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ከንድፊያው እስከ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወራት ያልፋሉ። በሰኔ መጀመሪያ ለእርሻ ሥራ ወርዶ ኮኪት በረንዳ ላይ ያደረ ሠራተኛ ትኩሳቱ የሚነሣበት ከቡሄ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ የወባ ወቅት ነው። ሕመሙም የሚነሣው እርሻ ላይ ወይም ደብር ጎን ባለው የደጋ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ከማደሪያው ጋር የሚያያይዘው ማንም አይኖርም።

በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው ወረርሽኝ ይህ መዘግየት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል። ካላዛር እስከዚያ ድረስ የቆላ በሽታ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሊቦ ከምከም ግን ከጣና በስተምሥራቅ ያለ ከፍታማ አካባቢ ነው። ሕመሙ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር፤ ብዙ ሰውም ከሞተ በኋላ ነው ማንነቱ የተለየው። ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች በሽታውን እንዳመጡት ይገመታል። ሕክምና ያላገኘ ካላዛር ከመቶው በ95ቱና ከዚያ በላይ ገዳይ እንደሆነ የዓለም የጤና ድርጅት ይገልጻል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ ከኤችአይቪ ጋር ተደርቦ የሚገኝበት መጠን በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ፣ ሕክምናውም ይወሳሰባል፤ በሽታውም ይመላለሳል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለገበያ ንድፈ ሐሳብ ምቹ አይደለም። አንድ ባለ ማደሪያ ገንዘብ አውጥቶ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ቢሰቅል፣ የግቢውን ስንጥቅ ቢደፍን፣ አልጋውን ከዛፉ ቢያርቅ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ትቶ ዋጋ ቢቀንስ፣ የሁለቱ እንግዶች ጠዋት ሲነሡ የሚናገሩት አንድ ነው። ምናልባትም አጎበር ውስጥ የተኛው «ሞቀኝ» ብሎ ያማርር ይሆናል። ስም የሚያተርፈው ርካሹ ነው። አከርሎፍ በመኪና ገበያ ያየው መገፋፋት እዚህም አለ፤ ልዩነቱ የመኪናው ገዢ ቢያንስ ሞተሩ ሲቆም መታለሉን ያውቃል።

የኮከብ ደረጃም ይህን አይፈታም። በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር የጀመረው የሆቴሎች ደረጃ ምደባ ለትልልቅ ከተሞች ሆቴሎች የታሰበ ነው። ወደ ኮኪት ይምጣ ቢባል እንኳ የሚለካው የክፍል ስፋትን፣ የአቀባበል አገልግሎትን፣ የመታጠቢያ ቤትን ይሆናል፤ እነዚህ ለእንግዳው አስቀድመው የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

ደሴቶቹ ምን ቀድሟቸው ነበር

የሜድትራንያን እንግዳ ሆቴል ሲመርጥ ስለ ወባ አይጠይቅም። ይህ የእርሱ ብልሃት አይደለም። ሰርዲኒያ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ድረስ ወባ የጸናባት ደሴት ነበረች። ከ1946 እስከ 1950 (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን መንግሥትና የሮክፌለር ፋውንዴሽን ደሴቲቱን በዲዲቲ የማጽዳት ዘመቻ አካሄዱ። የታሰበው ትንኟን ከነዘሯ ማጥፋት ነበር፤ እርሷ አልጠፋችም፣ ወባው ግን ጠፋ። ዛሬ በሰርዲኒያ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሚታወቀው የኮስታ ዝመራልዳ የመዝናኛ ስፍራ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ቆጵሮስም ወባን ያጠፋችው በመህመት አዚዝ መሪነት ከ1946 እስከ 1949 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው ዘመቻ፣ የዕረፍት ሆቴሎቿ ከመብዛታቸው አስቀድሞ ነበር።

ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቭላዲሚር ራይትስ የተባለው ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1950 የመጀመሪያዎቹን የጥቅል ጉዞ እንግዶች ከእንግሊዝ ወደ ኮርሲካ ደሴት በአውሮፕላን ሲወስድ ያሳደራቸው በድንኳን ነበር። ሆቴል አልነበረም፤ ኮከብም አልነበረም። እንግዶቹ ግን ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ ምግቡና ስለ ፀሐዩ ነበር፤ ገበያውም በዚያ ወሬ ላይ አደገ። የማደሪያ ምርጫ ጥናት «ነፃ መራጭ» ብሎ የሚጠራው ሰው ሊኖር የቻለው መራጩ ሊያየው የማይችለውን አደጋ ሌላ አካል አስቀድሞ ስላስወገደለት ነው። በማዮርካ መረጃ የተሠራው ስሌት ይህን እንደ ተሰጠ ነገር ስለሚወስደው፣ በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልሰጠውም። ስሌቱን ሳያስተካክሉ ወደ መተማ ማምጣት፣ ለአጎበር ለመክፈል ፈቃደኛ ያልሆነን እንግዳ «አጎበር አይፈልግም» ብሎ መመዝገብ ይሆናል።

የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ

በእምነት የሚወሰድ ባሕርይ ያለበት ገበያ የሚስተካከልበት አንዱ መንገድ ባሕርዩን በፍተሻ ወደሚታወቅ ምልክት መለወጥ ነው። ለኮኪት ማደሪያ ይህ ውድ ነገር አይደለም። መድኃኒት የተነከረ አጎበር በተለምዶ እስከ 3 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይጠበቃል፤ የተሰቀለበት ወርና ዓመት በክፍሉ በር ላይ ቢጻፍ እንግዳው አንብቦ የሚረዳው ነገር ይሆናል። ወረዳው ምግብና መጠጥ ቤቶችን ለንጽሕና በሚፈትሽበት ጊዜ አጎበሩንና የግቢውን ሁኔታ አብሮ ቢፈትሽ የተለየ ተቋም አያስፈልገውም። ለደጅ አልጋ ደግሞ አጎበር የሚዘረጋባቸው አራት ቋሚዎች ያስፈልጋሉ። እንግዳው በግንቦት ሌሊት ወደ ውስጥ ይግባ ብሎ ማዘዝ ከንቱ ነውና፣ ጥበቃው ወደ ደጅ መውጣት አለበት።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከ1999 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) በመንደሮች መድኃኒት የተነከረ አጎበር አከፋፍሎ ነበር። በኋላ በተደረገው ግምገማ የካላዛር ሕሙማን ቁጥር በአማካይ 27 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተገምቷል። ቁጥሩ ከዚህ በላይ ሊሆን ይችል የነበረ ቢሆንም፣ በሞቃቱ ደረቅ ወቅት አጎበር የሚጠቀመው ሰው በዝናቡ ወቅት ከሚጠቀመው እጅግ ያነሰ ነበር። የመተማ ሙቀት ከገዳሪፍ ሙቀት ስለማይለይ፣ ይህ ውጤት ለኮኪት ተስፋም ማስጠንቀቂያም ነው። ቀጭን ጨርቅ እንኳ ነፋስ ይከለክላል፤ ስለዚህ ማራገቢያና መብራት የምቾት ጉዳይ ብቻ ተደርገው ሊታዩ አይገባም፤ እንግዳው አጎበሩን ሌሊቱን ሙሉ ታግሦ እንዲተኛበት የሚያደርጉት እነርሱ ናቸውና።

የሚቀረው ከባዱ ክፍል በረንዳው ነው። ከላይ የተባለው ሁሉ የሚሠራው አልጋ ለያዘ ሰው፣ ማለትም ለሾፌሩና ለነጋዴው ነው። ወለል ላይ ወይም በካምፕ የሚያድረው ሠራተኛ የሚያነበው በር የለውም። የእርሱ ማደሪያ የሚመረጠው በባለ እርሻው ነው፤ ባለ እርሻውም የሠራተኛው ትኩሳት ከወራት በኋላ በሌላ ወረዳ ሲነሣ አያየውም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል በገቡበት ጊዜም በደጅ ያደረው ብዙ ነበር፤ ደረቁ ወቅት ገና አላበቃም ነበር። አጎበር ለሠራተኛው ከአልጋ ጋር ሳይሆን ከሥራ ውል ጋር፣ እንደ ማጭድና እንደ ውኃ መያዣ ተቆጥሮ ቢሰጠው ይዞት ወደ ሜዳ ሊወጣ ይችላል። አጨዳው አልቆ ወደ ደጋ ሲመለስ ይዞት ይሄዳል ወይስ ገንደ ውሃ ገበያ ላይ ሸጦት ያልፋል የሚለው ግን በመስክ ጥናት ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ጥናቱም መደረግ ያለበት በጥቅምት፣ ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ መኪና በሚጠብቅበት ሳምንት ነው።